ለውሻ ስልጠና የሚሆን ጉርሻ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎጃም ውስጥ ውሻ ያለው ግቢ ብዙ ነው፤ «ና» ሲሉት የሚመጣ ውሻ ግን ጥቂት ነው። ዱላ ውሻን መሸሽ ያስተምረዋል። መምጣትን የሚማረው በሆዱ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። አንዱ ጉርሻ ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ፤ ለቡችላ ግማሹ ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ቆሞ ሲያኝክ ምን ሠርቶ እንደተሸለመ ይረሳል፣ ቶሎም ይጠግባል። ለስላሳና ሽታ ያለው ይሁን። ደረቅ ብስኩት አልወድም፤ ይፈረፈራል፣ ውሻው ፍርፋሪ ሲለቅም ትምህርቱ ይቋረጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉበት ነው። ሩብ ኪሎ ብዙ ቀን ያስኬዳል። በጥሬው ግን በፍጹም አትስጡ። በግ ወይም ከብት ስናርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የምናይበት ጊዜ አለ። «ይሄ ለውሻ ነው» ብለን እንወረውራለን። እዚያ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይቀራል። ልጆች ውሻውን ደባብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ወደ እነሱ ይገባል። ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊያድግና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ንጹሕ የሚመስለውንም ቀቅሉ።

ጉበቱን ጣት በሚያህል ውፍረት ከፋፍላችሁ በባዶ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ጨው፣ ቅቤ፣ በርበሬ የለም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው። ስለዚህ ከወጥ የወጣ ሥጋ ጉርሻ አይሆንም፤ ቅመም የገባበት ቋንጣም እንደዚሁ። መሃሉ ቀይ ከሆነ ወደ ድስቱ መልሱት። በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡት፣ ይፈረካከሳል። ከቆረጣችሁ በኋላ ምጣድ ላይ በለዘበ እሳት ትንሽ አገላብጡት፤ ላዩ ደረቅ ሲል እጅ ላይ አይጣበቅም። የ2 ወይም የ3 ቀኑን ፍሪጅ፣ ሌላውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ጉበት ሲበዛ ሆድ ያላላል፤ በየቀኑ ዋና ጉርሻ አታድርጉት።

ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን፣ ብዙ ቤት ሥጋ አይገባም። ስልጠናው ግን አይቋረጥ። ድንች ቀቅላችሁ፣ ልጣችሁ፣ በትንንሹ ክተፉ። የተቀቀለ ካሮትም ይሆናል። በጾም ዓሣ የሚያስገባ ቤት ካለ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ከጣና የወጣ ቆረሶ ቀቅላችሁ ሥጋውን በጣት እየዳሰሳችሁ አጥንቱን ልቀሙ። የውሻው ድስትና ቢላ ግን ለብቻው ይሁን፤ ከቤት ሰው ጋር ያስማማል።

ዘቢብና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ለውሻ አትቁረሱ። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሁሉንም ጉርሻ እኩል አታድርጉት። ግቢ ውስጥ «ተቀመጥ» ለሚለው ድንቹ ይበቃል። በሩ ተከፍቶ፣ በግ እያለፈ፣ የጎረቤት ውሻ እየጮኸ «ና» ስትሉት ግን ጉበቱን አውጡ። እንደመጣ ወዲያው አጉርሱት፤ ኪስ ውስጥ ስትፈልጉ ከዘገያችሁ የተሸለመው ለመምጣቱ መሆኑን አያውቅም። ፌስታል አትያዙ፣ ውሻው ኮሽታውን ይለምድና ያለ ፌስታል አይሰማችሁም። ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይሻላል፤ ማታ ማታ እጠቧት።

ጉርሻው ከዕለት ምግቡ ከ10 እጅ 1 እጅ አይለፍ። ብዙ ያሠለጠናችሁበት ቀን ከሆነ ከእራቱ ቀንሱ።