ከኮምቦልቻ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ሳትሯሯጡ ቀኑን እንዴት ታሳልፉታላችሁ

ባቲንም ውጫሌንም ሐይቅንም በአንድ ቀን እናዳርስ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ነው የምትውሉት። ለአንድ ቀን ሐይቅና ደሴ ይበቃሉ። ባቲን ለሰኞ አቆዩት፣ ግመሉም ሰዉም የሚወጣው የገበያው ቀን ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከኮምቦልቻ ውጡ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ሀረጎ ዳገት ስለሆነ አትቸኩሉ፣ ላይ ስትደርሱ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ (ኩርባ ላይ በፍጹም እንዳትቆሙ) ዞር ብላችሁ ኮምቦልቻን ከላይ እዩዋት፣ በጣም ነው የምታምረው። ጃኬት ያዙ፣ ደሴ ይበርዳል፣ ክረምት ላይማ ጉሙ አያሳይም። ፒያሳ ቁርስ በሉና ከተማውን ለከሰዓት ትታችሁ ቀጥታ ወደ ሐይቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱት። ሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው፣ ድሮ ደሴት ነበር አሁን ግን በእግር ይገባል። ሴቶች አይገቡም። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ይሄን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት፣ እናትን በር ላይ አድርሶ ጠብቂኝ ማለት ደስ አይልም፣ ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ ሴቶቹ ውሃው ዳር ጥላ ይዘው ቡና እየጠጡ እንዲቆዩ አመቻቹ፣ የገባውም ሰው ቶሎ ይመለስ። ውስጥ የምትገቡ ነጠላ ያዙ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ። ምሳ አሳ ነው፣ ትኩስ ጥብስ በሎሚና በዳጣ፣ ሌላ ነገር አትዘዙ። ከዛ ዝም ብላችሁ ውሃውን እያያችሁ ተቀመጡ፣ ወደ አምባሰል ልቀጥል የሚል ካለ ለሌላ ቀን በሉት።

9 ሰዓት ላይ ደሴ ተመለሱና አይጠየፍ ሂዱ፣ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፣ የልጅ ኢያሱ አባት ማለት ነው። ልጆች ካሉ ታሪኩን እዛው ቆማችሁ ንገሯቸው፣ መጽሐፍ ላይ ከሚያነቡት የበለጠ ይገባቸዋል።

ሀረጎን ሳይመሽ ውረዱት። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣችሁ አትጨርሱት፣ ይግላል፣ ከላይ ጀምራችሁ ከባድ ማርሽ አስገቡና በሞተሩ ያዙት፣ ከባድ መኪና ከፊት ካለ ደግሞ ርቀት ጠብቃችሁ ተከተሉት እንጂ ኩርባ ላይ ለመቅደም አትሞክሩ።