ፖስትፊክስ የተቀባዮችን አድራሻ ከኤልዳፕ ማውጫ እንዲጠይቅ ማዋቀር

አንድ ተቋም የሠራተኞቹን ስም፣ የይለፍ ቃልና የኢሜይል አድራሻ በኤልዳፕ ማውጫ (ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚጠይቁት የጋራ መዝገብ) መዝግቦ የሚይዝ ከሆነ፣ ያንኑ ዝርዝር በኢሜይል ሰርቨሩ ላይ እንደገና በእጅ መጻፍ ድካሙ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱም ብዙ ነው። ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ማውጫውን በቀጥታ መጠየቅ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ኦፕንኤልዳፕ የተባለውን የማውጫ ሰርቨርና በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ላይ የተጫነ ፖስትፊክስን ታሳቢ ያደርጋል። የቅንብር ስሞቹ እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እየገባ ይጻፋሉ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት። ፖስትፊክስ ስለ አንድ አድራሻ ሲጠይቅ ማውጫው «አለ» ይላል፣ «የለም» ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይመልስም። ማውጫው ካልመለሰ ፖስትፊክስ ላኪውን በ451 «ለጊዜው አልተቻለም» ስለሚለው የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ላይ አቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፤ ስለዚህ የማውጫው መውደቅ ደብዳቤ ያዘገያል እንጂ ወዲያው አያስመልስም። «የለም» ከተባለ ግን መልሱ 550 ነው፣ ላኪውም ደግሞ አይሞክርም። እንግዲህ ይበልጥ የሚያስፈራው የወደቀ ማውጫ ሳይሆን፣ በደህና እየሠራ ያለ ማውጫ በተሳሳተ ጥያቄ ምክንያት በሥራ ገበታው ላይ ያለን ሠራተኛ «የለም» ሲል ነው። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ በዋናው የቅንብር ፋይል፣ ማለትም በሜይን ዶት ሲኤፍ፣ «ሶፍት ባውንስ» የሚለውን «የስ» ማድረግ ይገባል። ይህ ቅንብር ቋሚ እምቢታዎችን ወደ ጊዜያዊ ስለሚለውጥ፣ 550 የነበረው 450 ይሆናል።

ቀጥሎ «ፖስትፊክስ-ኤልዳፕ» የተባለው ፓኬጅ ይጫናል። «ፖስትኮንፍ» የሚለው ትእዛዝ ከ«ኤም» አማራጭ ጋር ሲሰጥ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ኤልዳፕ መኖሩን ማየት በቂ ማረጋገጫ ነው።

የማውጫው ጥያቄ የሚጻፈው በራሱ ፋይል ነው። ሜይን ዶት ሲኤፍን ማንኛውም የሰርቨሩ ተጠቃሚ ሊያነበው ስለሚችል የማውጫው የይለፍ ቃል እዚያ መግባት የለበትም፤ አዲሱ ፋይል ባለቤቱ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ)፣ ቡድኑ ፖስትፊክስ ሆኖ ፈቃዱ 640፣ ማለትም ባለቤቱ የሚያነበውና የሚጽፈው፣ ቡድኑ የሚያነበው ብቻ፣ ይደረጋል። በ«ሰርቨር ሆስት» የማውጫው አድራሻ፣ በ«ሰርች ቤዝ» ፍለጋው የሚጀምርበት ቅርንጫፍ፣ በ«ባይንድ ዲኤን» እና በ«ባይንድ ፒደብልዩ» ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት መለያና የይለፍ ቃሉ ይገባሉ። «ቨርዥን» 3፣ «ስታርት ቲኤልኤስ» ደግሞ «የስ» ይሁኑ፤ የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር በኔትወርክ ላይ እንዲሄድ መፍቀድ በውስጥ ኔትወርክም ቢሆን ተገቢ አይደለም።

የጥያቄው ልብ «ኩዌሪ ፊልተር» ነው። ብዙ ጊዜ (&(ኦብጀክትክላስ=ኢኔትኦርግፐርሰን)(ሜይል=%ኤስ)) የሚለው ቅርጽ ይበቃል፤ የሰው መዝገብ ሆኖ የሜይል መስኩ የተፈለገውን አድራሻ የያዘውን አምጣ ማለት ነው። %ኤስ የሚፈለገውን ሙሉ አድራሻ፣ %ዩ ከ@ በፊት ያለውን፣ %ዲ ደግሞ ዶሜይኑን ይተካል። «ሪዘልት አትሪቢዩት» ከተገኘው መዝገብ የሚመለሰውን መስክ ይወስናል፤ እዚህ «ሜይል» ይሆናል። ማውጫው በዚህ መስክ ላይ ኢንዴክስ ከሌለው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ስለሚያገላብጥ፣ ኢንዴክሱን አስቀድሞ ማስሠራት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ፈጽሞ መዘለል የለበትም የምለው ቅንብር «ዶሜይን» ነው። አንድን አድራሻ ወደ ሌላ በሚያዛውረው በ«ቨርቹዋል ኤሊያስ ማፕስ» የተሰየመ ሠንጠረዥ (ፖስትፊክስ አድራሻ የሚፈልግበት ምንጭ፣ እዚህ የኤልዳፕ ፋይሉ) ለገቢ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ለወጪም ይጠየቃል፤ ሠራተኛው ወደ ጂሜይል በላከ ቁጥር ፖስትፊክስ ያንን የጂሜይል አድራሻ ከተቋሙ ማውጫ ይፈልጋል፣ ሲያጣውም @ እና ዶሜይኑን ብቻ ይዞ እንደገና ይጠይቃል። በ«ዶሜይን» የተቋሙ ዶሜይኖች ብቻ ከተዘረዘሩ እነዚህ ከንቱ ጥያቄዎች ይቀራሉ፤ ማውጫው በወደቀ ጊዜም ወደ ውጭ የሚላከው ደብዳቤ በዚህ ሠንጠረዥ ምክንያት አይያዝም። ከዚህ የሚለየው የሰርቨሩን የራሱን ተጠቃሚዎች ስም ወደ ሌላ ለሚያዛውረው ለ«ኤሊያስ ማፕስ» የሚውል ፋይል ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው ዶሜይን የሌለው ስም በመሆኑ ይህ ቅንብር ከገባ ምንም አይገኝም።

ፋይሉ በሜይን ዶት ሲኤፍ ከመጠራቱ በፊት በ«ፖስትማፕ» ይፈተሽ። ትእዛዙ ከ«ኪው» አማራጭ ጋር አንድ አድራሻና የሠንጠረዡ ስም ሲሰጠው፣ አድራሻው ካለ ያትመዋል፤ ከሌለ ምንም ሳያትም በመውጫ ኮድ 1 ይወጣል፤ ግንኙነቱ ካልተሳካ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ፈተናው በሚታወቅ አድራሻ፣ በሌለ አድራሻና ሥራ በለቀቀ ሰው አድራሻ ይደረግ። የሚታወቀው አድራሻ በዝምታ ከታለፈ ስሕተቱ ከፊልተሩ፣ ከሰርች ቤዙ ወይም ከመለያው የማንበብ ፈቃድ ነው።

አሁን ፋይሉ የመልእክት ሳጥን ያላቸውን አድራሻዎች በሚያሳውቀው በ«ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ማፕስ» ሥር ይጠራል። ከስሙ በፊት ኤልዳፕ ብቻ ሳይሆን «ፕሮክሲ፦ኤልዳፕ፦» ቢባል ይመረጣል። አለዚያ እያንዳንዱ የፖስትፊክስ ፕሮሰስ የራሱን ግንኙነት ከማውጫው ጋር ይከፍታል። በተጨማሪም ፕሮሰሱ በክሩት (ከአንድ ፎልደር ውጭ ያሉ ፋይሎችን እንዳያይ በሚከለክል አጥር) ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የሰርተፍኬት ፋይሎችን ላያገኝ ይችላል፤ በፖስትማፕ በትክክል የሠራው ጥያቄ ደብዳቤ ሲመጣ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

የቡድን አድራሻዎች በ«ቨርቹዋል ኤሊያስ ማፕስ» ሥር የራሳቸው ፋይል ይኖራቸዋል፤ ከኤልዳፑ በፊት ግን አንድ የሃሽ ሠንጠረዥ (በሰርቨሩ በራሱ ላይ በፋይል የተቀመጠ ዝርዝር) ይቅደም፣ የፖስትማስተርም (የኢሜይል አገልግሎቱ ኃላፊ) አድራሻ እዚያ ይግባ። ፖስትፊክስ ሠንጠረዦቹን በተራ ስለሚጠይቅና ባገኘበት ስለሚቆም፣ የፖስትማስተር ደብዳቤ «ዶሜይን» ውስጥ ወዳልተዘረዘረ አድራሻ ከተላለፈ ማውጫው በወደቀ ጊዜም መንገዱን አያጣም።

ፖስትፊክስ በ«ሪሎድ» አዲሱን ቅንብር ካነበበ በኋላ የሜይል ሎጉ ለጥቂት ቀናት በጥሞና ይታይ። በ450 የተመለሰና «ዩዘር አንኖውን ኢን ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ቴብል» (ተቀባዩ በሠንጠረዡ የለም) የሚል መስመር በታየ ቁጥር፣ አድራሻው በእርግጥ የሌለ መሆኑ ከማውጫው ጋር ይመሳከር። የተመለሱት ሁሉ በእርግጥ የሌሉ መሆናቸው ሲረጋገጥ «ሶፍት ባውንስ» ይነሣ፤ ሳይነሣ ከቀረ አድራሻ አሳስቶ የጻፈ ላኪ ስሕተቱን ቶሎ አያውቅም፣ ደብዳቤውም ላኪው ፖስትፊክስ የሚጠቀም ከሆነ በተለመደው ቅንብር እስከ 5 ቀን ወረፋ ላይ ይቆያል።