ጣትን ይዞ መቀመጥ፦ ከጂን ሺን ጁትሱ የተማርኩት

ቀኝ እጃችሁን አንሱና የግራ እጃችሁን አውራ ጣት ያዙ። የተኛ ሕፃን ጣት እንደምትይዙት አድርጋችሁ ያዙት። አትጫኑት፣ አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ዝም ብላችሁ ይዛችሁት ቆዩ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ወጥቶ ከሆነ ጣል አድርጉት። በቃ፣ ጀምራችኋል።

ይሄ ነገር ጂን ሺን ጁትሱ ይባላል። የጃፓን ጥበብ ነው። እኔ የተማርኩት አሪዞና ውስጥ፣ ፊኒክስ ከተማ፣ በሆም ኬር ሥራዬ ላይ ነው። የምንከባከባቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ሁልጊዜ አንድ ጣታቸውን ይዘው አገኛቸዋለሁ። ሪህ ያለባቸው መስሎኝ አንድ ቀን "ጣትዎን ያምዎታል እንዴ?" አልኳቸው። "አይ፣ ጭንቀቴን ይዤው ነው" አሉኝ። ከዚያ ወንበር አስቀርበው አስተማሩኝ።

ነገሩን ያገኘው ጂሮ ሙራይ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ኢሺካዋ በሚባለው የጃፓን ግዛት፣ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። በ26 ዓመቱ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት ሕመም ያዘው። ቤተሰቡን ተራራ ላይ ወዳለች ጎጆ እንዲወስዱት፣ በስምንተኛው ቀን ተመልሰው እንዲያዩት ለመነ። እዚያም ጾመ፣ አሰላሰለ፣ ጣቶቹን በየዓይነቱ እያጣመረ ቆየ። ሰውነቱ በመጀመሪያ ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ እንደ እሳት ነደደ፣ በመጨረሻም ድኖ ተነሣ ይባላል። 1960 እስኪሞት ድረስ ሥራው ይህንኑ መመርመር ሆነ። ሲያትል የተወለደችው ሜሪ በርማይስተር ጃፓን ሄዳ ከእሱ ዘንድ ለዓመታት ተማረችና ጥበቡን ወደ አሜሪካ አመጣችው። ኋላ ያስተማረችው ስኮትስዴል ነው፣ ከፊኒክስ ጎን። እኔን ያስተማሩኝ ሴትዮም እዚያ ነው የተማሩት።

በዚህ ትምህርት መሠረት በሰውነታችን ውስጥ የሕይወት ጉልበት ይፈስሳል። በግራም በቀኝም 26፣ 26 ቦታዎች አሉ፤ ሐሳብና ድካም ሲበዛብን እነሱ ይዘጋሉ። እጅ ሲያርፍባቸው ይከፈታሉ። ሜሪ እጆቻችንን ታመሳስላቸው የነበረው ባትሪው የሞተ መኪና ከምናስነሳበት ኬብል ጋር ነው። ማሸት የለም፣ መግፋት የለም፣ ማገናኘት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጣቶቹ። አውራ ጣት የጭንቀት ነው፣ ከሆድ ጋርም ያያይዙታል። ሕፃናት ሳያስተምራቸው ሰው አውራ ጣታቸውን የሚጠቡት ለዚህ ነው ይላሉ። ሌባ ጣት የፍርሃት ነው። የመሃል ጣት የንዴት ነው። አለቃ ስልክ ላይ ሲጮህብኝ እሱን ይዤ ነው የምሰማው፤ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ እመልሳለሁ። ትንሿ ጣት ደግሞ የመፍጨርጨር ናት፤ ውስጥ እየደከመ "ደህና ነኝ" ማለት። እኛ "ጥርስ ባዳ ነው" እንል የለ? እሷ ናት። ለአበሻ ስደተኛ ከአምስቱ ሁሉ ይህችን አስቀድሞ መያዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የቀለበት ጣትን ለብቻው ልንገራችሁ። የሐዘን ጣት ነው። እናቴ ያረፈችበት መርዶ የደረሰኝ የሌሊት ሽፍት ልገባ ስል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ ልቀብራት እንደማልችል አውቄዋለሁ። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መጀመሪያ ሳላስበው፣ ቆይቶ አውቄው፣ የቀለበት ጣቴን ይዤ ነበር። ጣቴ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሞቀ። ከዚያ በውስጡ የልብ ምት የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ሲመታ ተሰማኝ። ሐዘኑ አልሄደም። ትንፋሼ ግን ተመለሰ፣ ለእህቴም መደወል ቻልኩ።

የምትጠብቁት ምልክት ያ ነው፤ ሙቀቱና ያ ለስላሳ ምት። ለአንድ ጣት ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ምቱ ካልመጣላችሁም አትጨነቁ፣ ጊዜው ሲሞላ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከየትኛው እጅ ብትጀምሩ ችግር የለውም። አምስቱንም ለመያዝ ጊዜ ከሌላችሁ የዕለቱን ጣት ብቻ ምረጡ። አውቶቡስ ላይ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ስብሰባ ጠረጴዛ ሥር ይሆናል፤ ማንም አያይባችሁም። መኪና እየነዳችሁ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የምወደው ራስን ማቀፍ ነው። እጆቻችሁን አጣምሩና መዳፎቻችሁን በየብብታችሁ ሥር ክተቱ፤ አውራ ጣቶቻችሁ ከፊት፣ ከደረታችሁ በላይ ይውጡ። ዓይን ጨፍኑና 36 ጊዜ ተንፍሱ። የምትቆጥሩት ወደ ውጭ የምታስወጡትን ነው። መሃል ላይ ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ዘጠኝ ዘጠኝ እያደረጋችሁ አራት ጊዜ ቁጠሩ። እኔ ከሽፍት ስመለስ በር ከመክፈቴ በፊት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አደርገዋለሁ። ልጆቼ ዘንድ የሥራውን ድካም ይዤ እንዳልገባ ይረዳኛል።

ማታ ተኝታችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ። የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አናታችሁ ላይ አድርጉ፣ እዚያው ይቆዩ። የግራውን በቅንድቦቻችሁ መካከል አሳርፉ። ጥቂት ቆይታችሁ ግራውን ብቻ ወደ አፍንጫ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ደረት መሃል፣ ከዚያ የደረት አጥንት ወደሚያልቅበት፣ በመጨረሻ ከሆድ በታች ወዳለው አጥንት አውርዱት። ያኔ ቀኙን ከአናት አንሥታችሁ ከጀርባ፣ የአከርካሪ መጨረሻ ላይ አድርጉ። በየቦታው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩ። እኔ ብዙ ጊዜ ደረቴ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን ጉልበት የለካ መሣሪያ የለም፣ ማስረጃውም ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ደረታችሁን ጨምድዶ ከያዛችሁ፣ ግማሽ ሰውነት ከደነዘዘ፣ ጣት የሚያዝበት ሰዓት አይደለም፤ ለአምቡላንስ ደውሉ። የእምነት ጥያቄም ይነሣል። ጓደኛዬ "ይሄ ነገር ከእኛ ጋር ይሄዳል?" ብላኛለች። እኔ እየጸለይኩ ነው የምይዘው፣ የሚጋጭብኝ ነገር አላገኘሁም። የተጠራጠረ ግን ነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ለሌላ ሰውም ይሆናል። የታመመ ስትጠይቁ፣ የሚባል ሲጠፋ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣችሁ ጣቱን ያዙለት። ቁስል ወይም መርፌ ያለበትን እጅ ተዉት። ፈቃዱን መጠየቅም አትርሱ። የስድስት ዓመት ልጄ አሁን ስሞቹን ለምዷቸዋል። ማታ መብራት ስናጠፋ ራሱ እጁን ይሰጠኛል። "ማሚ፣ ዛሬ አውራ ጣቴን" ይላል፣ ወይ ደግሞ "ትንሿን"። ባለፈው ሳምንት ሌባ ጣቱን ሰጠኝ። ይዤለት ትንሽ ቆየሁና ትምህርት ቤት ምን እንዳስፈራው ጠየቅሁት። ነገረኝ።