ስለ ጋኔሽ ሲወራ ሊታረሙ የሚገባቸው ስህተቶች

የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱዎች አምላክ ጋኔሽ ሕንድ ውስጥ የሌለበት ቦታ የለም። ሱቅ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ የሠርግ መጥሪያ ላይ ሳይቀር ታገኙታላችሁ። መሰናክል ያስወግዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሥራ ሲጀመር ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ሕንድ የምትማሩም ሆናችሁ ዓረብ አገር ከሕንዶች ጋር የምትሠሩ፣ እነዚህን ስህተቶች ብታውቋቸው ይጠቅማችኋል።

«ዝሆን ያመልካሉ» ማለት

የከፋው ይሄ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። የታላቁ አምላክ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ልጁን በእጇ አበጅታ ሕይወት ሰጠችው። ገላዋን ስትታጠብ በር እንዲጠብቅ አቆመችው። ሺቫ ሲመጣ ልጁ «አታልፍም» አለው። ሺቫም ተቆጥቶ አንገቱን ቀላው። እናትየው ክፉኛ ስታዝን የዝሆን ራስ ተተካለትና ተነሳ። ለአማኞቹ ያ ራስ የጥበብ ምልክት ነው፤ ትልልቆቹ ጆሮዎች ደግሞ የማዳመጥ።

ስባሪውን ጥርስ እንደ ብልሽት ማየት

አንዱ ጥርስ ሆን ተብሎ ነው ተሰብሮ የሚሳለው። ጠቢቡ ቭያሳ ማሃባራታ የተባለውን ረጅም ጥንታዊ ግጥም ሲያስጽፈው ብዕሩ ተሰበረ፤ ጋኔሽም ጽሑፉ እንዳይቋረጥ ጥርሱን ሰብሮ ጻፈበት ይባላል። ተዋጊው ፓራሹራማ በመጥረቢያ ሰበረው የሚሉም አሉ። እግሩ ሥር ያለችው አይጥ መጓጓዣው ናት። ብዙዎች የተገራ ምኞት ምልክት ያደርጓታል።

ሐውልቱን ውኃ ውስጥ መክተትን እንደ መጣል መቁጠር

በነሐሴና በመስከረም አካባቢ የጋኔሽ ቻቱርቲ በዓል ይከበራል። ቤተሰቡ ሐውልት ያስገባና በጸሎት አምላኩ እንዲያድርበት ይለምናል። አንዳንዱ ቤት አንድ ቀን ተኩል ያቆየዋል፤ በአደባባይ ግን እስከ 10 ቀን ይቆያል። ከዚያ በከበሮና በጭፈራ ወደ ባሕር ወይም ወደ ወንዝ ይወሰዳል። ሙምባይ ላይ ሕዝቡ «ጋንፓቲ ባፓ ሞርያ» እያለ (ጋንፓቲ የጋኔሽ ሌላ ስሙ ነው)፣ ለከርሞ ቶሎ እንዲመለስ እየለመነ ይሸኘዋል። የሚያለቅስም አለ። የሚወዱትን እንግዳ መሸኘት ነው እንጂ መጣል አይደለም። በዓሉን በ1893 እ.ኤ.አ. ከየቤቱ አውጥቶ ትልቅ የአደባባይ በዓል ያደረገው የነጻነት ታጋዩ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረውን ሕዝብ ማሰባሰቢያም ሆኖለታል።

ሕንዶቹ ራሳቸው የሚወቃቀሱበት ስህተት ደግሞ አለ፤ የጄሶ ሐውልት መግዛት። ጄሶ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ቶሎ አይሟሟም፤ ቀለሙም ውኃ ይበክላል። የሸክላ አፈር ግን ባልዲ ውስጥ እንኳ ይሟሟል። እኔም የምደግፈው እሱን ነው።

ያገኙትን ሁሉ ማቅረብ

ለሌላው አምላክ የሚሆነው ለጋኔሽ ላይሆን ይችላል። የበሶብላ ዘመድ የሆነችው ቱልሲ ለቪሽኑ የተወደደች ናት፤ ለጋኔሽ ግን በአብዛኛው አትቀርብም። የእሱ ድርሻ እኛ አገር ደጃፍ ላይ የሚበቅለው ሰርዶ ነው፤ 21 ሆኖ ይቀርባል። ቀይ አበባም ይወዳል ይላሉ። ምግቡ ሞዳክ ነው፤ በሩዝ ዱቄት ሊጥ ውስጥ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል።

የተባረከውን ምግብ ተቀብሎ መጣል

ቤታቸው ከተጋበዛችሁ ጫማ አውልቁ። ከጸሎት በኋላ ፕራሳድ የሚሉት የተባረከ ምግብ ይታደላል፤ የሚቀበሉት በቀኝ እጅ ነው። ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ገና ሲዘረጋላችሁ ሁለት መዳፋችሁን ገጥማችሁ «አመሰግናለሁ» በሉ። ይረዷችኋል። ተቀብሎ ዞር ሲሉ መጣል ግን ትልቅ ነውር ነው።