በባሕር ዳር ከሰፈር አበባ ቤት ስናዝዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ካሉት ትንንሽ አበባ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቅዳሜ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ስለ ቀለም ሲሆን ባለሙያዋ የምትጠይቀው ስለ ሰዓት ነው። «ቀይ ጽጌረዳ አለሽ?» ሲላት «ለስንት ሰዓት ነው? ከዚህ ወጥቶስ የት ነው የሚውለው?» ትለዋለች። ደንበኛው ጥያቄዋን እንደ ወግ ይቆጥረውና ተመልሶ ስለ ቀለሙ ያወራል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ መተላለፍ የሚመነጩ ናቸው። በቤተሰባችን የሠርጉንም የሐዘኑንም አበባ የማዘዝ ኃላፊነት ለዓመታት እኔ ላይ ስለወደቀ፣ ከመካከላቸው ያልሠራሁት ጥቂት ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን በግማሽ መናገር

በእኛ አገር ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ አበባን የሚያህል ዕድሜው አጭር ዕቃ ለማዘዝ «በ10 ሰዓት ይድረስልኝ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ፣ እናቷ ከመምህርነት በጡረታ በተሰናበቱበት ሰሞን ቤተሰቡ እሑድ ቤታቸው እንደሚሰበሰብ ሰምታ በስልክ አበባ አዘዘች። የነገረቻቸው ሰዓት 10 ሰዓት ነበር። እሷ ያሰበችው በምትኖርበት አገር የግድግዳ ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ እናቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ አበባው በር ላይ እንዲቀበላቸው ነው። አበባ ቤቱ ግን እንደ ማንኛውም የባሕር ዳር ሰው ሰምቶ ከሰዓት በኋላ ልክ 10 ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ በባጃጅ ላከ። ምሳው ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰናብቶ ቤት ውስጥ የቀሩት አክስቴና ስኒ የምታጥብ ልጅ ብቻ ነበሩ። አክስቴ እቅፉን ተቀብለው «እንግዲህ ብቻዬን አየዋለሁ» አሉ። ለማንም ጥፋት ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል፤ ሁሉም በየሰዓቱ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱን ስንናገር ጠዋት፣ ቀትር ወይም ከሰዓት በኋላ የሚለውን ሳንጨምር መተው አይገባንም፤ የሰማንን ሰው ደግሞ መልሶ እንዲነግረን ማድረግ ይገባናል። በቀኑም ያው ነው። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 14 የሚውለው የፍቅረኞች ቀን በእኛ የካቲት 7 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ የካቲት 6 ይሆናል። «በ14 ይድረስ» ብሎ ወሩን ያልጠራ ሰው ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 14 ላይ አበባ ቢላክለት ሊቆጣ አይችልም። የወሩን ስም፣ ቀኑንና የሳምንቱን ዕለት ሦስቱንም አንድ ላይ ማስጻፍ ይህን ሁሉ ይዘጋዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ የቀሩት ሁለቱ ያጋልጡታልና።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። አበባው የሚደርስበት ሰዓትና አምሮ እንዲታይ የምንፈልግበት ሰዓት አንድ አይደሉም። እምቡጥ ሆኖ የተቆረጠ ጽጌረዳ እንደ ሙቀቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይከፈታል። ለቅዳሜ ቀትር ፎቶ የሚፈለገው በከፊል የተከፈተ አበባ ሲሆን፣ ለታማሚ ወይም ለአራስ ቤት ተልኮ ሳምንት እንዲቆይ የሚፈለገው ደግሞ ገና ያልፈታ እምቡጥ ነው። ባለሙያዋ ይህን አውቃ እንድታዘጋጅ ከተነገራት አበባውን ቀድማ ሞቅ ባለ ቦታ ታስቀምጠዋለች ወይም በተቃራኒው ጥላ ውስጥ ታቆየዋለች፤ ካልተነገራት ግን የምትሰጠን በዕለቱ ባልዲው ውስጥ ያለውን ነው።

ሁሉም በሚያገባበት ሰሞን ዘግይቶ ማዘዝ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሠርግ በጾም ወራት ስለማይደገስ፣ በከተማችን ብዙው ድግስ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ በተለይም ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ይከማቻል። በአንድ ቅዳሜ የሚያገቡት ሙሽሮች ሁሉ የመኪና ማስጌጫውን፣ የሚዜዎቹን እቅፍና የመድረኩን አበባ የሚጠብቁት ከዚያው ከጥቂት ሱቆች ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር መሆኗን የሰማ ሰው አበባ የሚታጣ ነገር አይመስለውም። ነገር ግን ያ አበባ የሚለማው ለውጭ ገበያ ነው፤ እርሻዎቹም በብዛት የሚገኙት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ በመሃሉም የዓባይ በረሃ ሙቀት አለ። በዚህ መንገድ የመጣ አበባ ሱቁ ሲደርስ ከዕድሜው ቢያንስ አንድ ቀን ጨርሷል።

እኔ ለሠርግ ከሦስት ሳምንት በፊት አዝዤ በሠርጉ ሳምንት ሰኞ ላይ እንደገና እደውላለሁ፤ ለአንድ እቅፍ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። አበባው ከየት እንደሚመጣና በየትኛው ዕለት እንደሚገባ መጠየቅም ነውር አይደለም። ዓርብ ማታ የሚገባ ከሆነ የቅዳሜ ሠርግ በሰላም ያልፋል፤ ማክሰኞ የገባ ከሆነ ግን ስለ እሑዱ መልስ መጨነቅ ይገባናል። አደይ አበባን በተመለከተ ግን አበባ ቤት ሄዶ የሚያዝዝ ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ በመስከረም ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ የሚጠወልግ አበባ ስለሆነ በዕለቱ ማለዳ ለቅሞ ማምጣት ይሻላል።

የስልክ ፎቶ ይዞ «ልክ ይህን» ማለት

ፎቶ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ስህተቱ ፎቶውን እንደ ውል መቁጠሩ ነው። በየስልካችን የምናየው ያ እንደ ጎመን የተደራረበ ክብ አበባ ብዙውን ጊዜ ፒዮኒ ይባላል፤ ፒዮኒ በደንብ ለማበብ ብርቱ የክረምት ቅዝቃዜ የሚፈልግ ተክል ስለሆነ የጣና ዳርቻ አየር አይስማማውም። ለባለሙያዋ መነገር ያለበት የአበባው ስም ሳይሆን በፎቶው ውስጥ የወደድነው ነገር ነው፤ ክብነቱ ነው፣ ልል ሆኖ መንጠልጠሉ ነው ወይስ የቀለሙ ፈዛዛነት? ይህን ካወቀች በጽጌረዳ፣ በካርኔሽንና በጂፕሶፊላ የምንፈልገውን መልክ ልታመጣ ትችላለች። አንዲት ባለሙያ ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ከሐይቁ ዳር የመጣ የደንገል ራስ በነጭ ጽጌረዳ መሃል ሰክታ ሠርታ አይቻለሁ፤ ያን የሚያህል እቅፍ በስልክ ላይ አላየሁም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። የተፈጥሮ ወይም አርቴፊሻል ብለን ሳንለይ «የመኪና አበባ» ብለን ካዘዝን፣ ባለሙያዋ ለሙቀቱ የሚችለውን አርቴፊሻሉን መምረጧ አይቀርም፤ ዋጋውም ለእሷ ይሻላታል። በእኔ አስተያየት ለመኪናው አርቴፊሻሉ ምንም አይልም፤ ሙሽራዋ በእጇ የምትይዘው ግን የተፈጥሮ መሆን አለበት። ይህ በትእዛዙ ላይ ተለይቶ ይጻፍ።

የልብሱን ጥለት መርሳት

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ላይ የተያዘ ነጭ እቅፍ በፎቶ ላይ አይታይም፤ የጠፋ አበባ ይሆናል። እቅፉ መመረጥ ያለበት ከቀሚሱ ነጭነት ሳይሆን ከጥለቱ ቀለም ጋር ነው፤ በመልስ ዕለት ደግሞ በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ ካባ ስለሚለበስ ትንሽና ጠቆር ያለ ቀይ አበባ ይበቃል። ሸማኔው ያስተረፈውን የጥለት ቁራጭ ወይም በቀን ብርሃን የተነሳ የጥለቱን ፎቶ ይዞ መሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአምፖል ብርሃን የተነሳ ፎቶ ግን ሐምራዊውን ቡናማ፣ ወርቃማውን ብርቱካናማ አድርጎ ያሳስታል።

በሪባን ላይ የሚጻፈውን በቃል ማዘዝ

አማርኛ ደስታንም ሐዘንንም በጾታና በአክብሮት ለይቶ የሚናገር ቋንቋ ነው። «እንኳን ደስ አለህ»፣ «አለሽ»፣ «አላችሁ» እና «አለዎት» አንድ አይደሉም፤ በስልክ «እንኳን ደስ አለ… ብለሽ ጻፊ» ተብሎ የተላለፈ ትእዛዝ ግን ከአራቱ በአንዱ ይወጣል፤ የቱ እንደሆነ የምናውቀው አበባው ከተሰጠ በኋላ ነው። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በስተርጅና ለያዙ አጎቴ የታዘዘው እቅፍ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ሪባን ታስሮበት መጣ። አጎቴ ቀልደው አለፉት፤ እኔ ግን ሪባኑን በእቅፉ ጀርባ እስክሸጉጠው ድረስ እፎይ አላልኩም። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ራሱን «ኃይሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲጻፍ ደስ አይለውም፤ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» በሐዘን ሪባን ላይ ሲሳሳቱ ደግሞ ቤተሰቡን ያስከፋሉ። ጽሑፉን በስልክ መልእክት ፊደል በፊደል ልኮ፣ ሪባኑ ከተጻፈ በኋላ ፎቶ እንዲላክልን መጠየቅ ነው።

ሐዘን ከተነሳ፣ የአበባ ጉንጉን የሚያዝዝ ሰው ጊዜ የለውም፤ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ነው። ስለዚህ ጉንጉን ሲታዘዝ ስለ አበባው ዓይነት መከራከር አይገባም፤ ያለው ይሠራ፣ ሰዓቱና ቤተ ክርስቲያኑ ይታወቅ። ሟች ሙስሊም ከሆኑ ግን ጉንጉን የተለመደ ስላልሆነ ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነን ሰው ሳይጠይቁ ማዘዝ ቅሬታ ያመጣል።

አድራሻውንና ፀሐዩን ለባጃጁ መተው

በከተማችን ቤት የሚገኘው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ» የሚለው አድራሻ ለእኛ ግልጽ ቢሆንም፣ አበባ የያዘ ባጃጅ አራት ቅያስ እየገባ ሲወጣ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ከአበባው ዕድሜ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሳያስቡት ደስ እንዲላቸው ብለን የተቀባዩን ስልክ የምንደብቅ ከሆነ፣ ቢያንስ የጎረቤት ወይም የቤተሰብ ስልክ መስጠት ግድ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ አየሩ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጡ የተዘጋ መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ እቅፍ አንገቱን ሲደፋ ያየሁት አንዴ ብቻ አይደለም። አንድ ሚዜ እርጥብ ጨርቅና ውሃ ያለበት ጀሪካን ይዞ፣ እቅፉን በጥላ ሥር የማቆየት ኃላፊነት በስሙ ይሰጠው። ለሐይቅ ዳሩ ፎቶ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ እቅፉ በደንብ እንዲታሰር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ የምለው አጭር ነው፤ ቀብድ ሲከፈል ማስቀመጫው፣ ሪባኑና ማድረሻው በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን መጠየቅ፣ የሚመለስ ዕቃ ካለም ቀኑን ማስጻፍ ነው። ዋጋውን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ያስቀነሰ ሰው የሚሰጠው ትናንት የገባው አበባ ቢሆን አይደነቅ።

ሳይፈትሹ ተረክቦ መሄድ

ጽጌረዳን ከአበባው ሥር በሁለት ጣት በቀስታ ጫን ሲሉት ጠጠር ካለ ትኩስ ነው፤ ከለሰለሰ ቆይቷል። በውጭ በኩል ያሉት አንድ ሁለት ቅጠሎች ዳራቸው አረንጓዴ ወይም ቡናማ መሆኑ ግን በሽታ አይደለም፤ እምቡጡን እንዲጠብቁ ሆን ተብሎ የሚተዉ ናቸው፤ ይነቀላሉ። ቤት ሲደርስ ዘንጉን በሰያፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ከውሃው በታች የሚሆነውን ቅጠል አራግፎ በንጹሕ ውሃ ማስቀመጥና ውሃውን በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን መቀየር ነው።

የአክስቴ ዘግይቶ የመጣ እቅፍ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ማንጎና ሙዝ ከተከመረበት ሳህን አጠገብ፣ ግማሹ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣና ካርኔሽን ለዚህ ጋዝ በጣም ስስ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ካርኔሽኖች ረቡዕ ተኮማትረው ሲገኙ የመስኮቶቹ እስከሚቀጥለው እሑድ ቆሙ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ማንጎውን ወጥ ቤት ነው የሚያስቀምጡት።