ሂቢስከሳችሁ ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባ እምቢ ካለ

ሂቢስከስ ገዝታችሁ መጀመሪያ ሰሞን በአበባ ተንበሽብሾ፣ ከዚያ በኋላ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረባችሁ? ብዙ ጊዜ ተክሉ አልታመመም። የጎደለው ፀሐይና መቀስ ነው።

ሂቢስከስ በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላረፈበት አበባውን ይቆጥባል። በረንዳው ብርሃን አለው ማለት በቂ አይደለም፣ ፀሐይዋ ራሷ ቅጠሉን መንካት አለባት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ፀሐይዋ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት በረንዳችሁ ላይ እንደምትቆይ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ረጅም ጊዜ የምትቆይበት ጥግ የሂቢስከሱ ቦታ ነው። ሳሎን ውስጥ ለጌጥ ካቆማችሁት ቅጠሉ ያምር ይሆናል፣ አበባ ግን አትጠብቁ።

አሁን ወደ መቀሱ። አበባው የሚወጣው አዲስ በሚያድገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ካልተገረዘ ዝም ብሎ ይረዝማል፣ ከታች ራቁቱን ይቀራል፣ አበባውም እየሳሳ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የመግረዣው ጊዜ የካቲት ነው፣ ብርዱ ሲሰበር። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተክሉ እድገቱን ያቆማል፣ ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ ሊረግፍ ይችላል። ያኔ ከገረዛችሁት የሚወጣውን ለጋ ቀንበጥ ብርዱ ይመታዋል። ድሬዳዋ ያላችሁ ይህ ብዙም አያሳስባችሁም።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። የቅጠሉ አንገት ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ትንሽ አረንጓዴ ጉጥ አለች። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከእሷ ነው። ወደ ውጭ የዞረች ጉጥ ምረጡና ከእሷ ከፍ ብላችሁ፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ትታችሁ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። መቀሱ ስለት ያለው ይሁን፣ በአልኮል ጥረጉት። ከቅርንጫፉ ርዝመት ሲሶውን መቁረጥ ይበቃል። ሆዳችሁ ከባባ ግማሾቹን ቅርንጫፎች ዘንድሮ የካቲት ላይ፣ የቀሩትን ከወር በኋላ ቁረጡ፣ እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ጨርሶ ያለ አበባ አትቀሩም። ከተገረዘ በኋላ እስኪያብብ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ታገሱት።

አፈሩን በተመለከተ፣ ዋልካ ብቻውን ማሰሮ ውስጥ አትሙሉ። ውሃ ይይዝና ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። የቀለም ባልዲም ይሆናል፣ ግን በደንብ ታጥቦ ከሥሩ አራት አምስት ቦታ ይበሳ።

ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ላዩ ደርቆ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጡ። በበጋ ማሰሮ ውስጥ ያለ ሂቢስከስ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል። ክረምት ላይ ግን ከዝናቡ አስጠልሉት፣ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥም ውሃ አይቋጠር። ጭራሽ እስኪደርቅ ትታችሁ አንድ ቀን ብታጥለቀልቁት እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል። የፈካው አበባ በማግስቱ ቢጠወልግ ግን አትደንግጡ፣ የአብዛኞቹ ዕድሜ አንድ ቀን ነው።

ማዳበሪያ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አበባ እምቢ ሲል ዳፕ የሚበትንበት ብዙ ሰው አለ። ዳፕ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ሂቢስከስ ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛበት ብረት ከአፈሩ መውሰድ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በላዩ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ አረንጓዴ ሲቀሩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዩሪያ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ቅጠል ነው የሚያበዛው። በየወሩ አንድ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ብትሰጡት በቂ ነው። የምድጃ አመድ አትጨምሩበት፣ ሂቢስከስ ትንሽ አሲዳማ አፈር ነው የሚወደው፣ አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ለጋው ጫፍ ተጨማዶ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ቅጠሉን ገልብጡት፣ ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮች ታገኛላችሁ። ጉንዳን እየተመላለሰ ከሆነም ምልክቱ ይኸው ነው፣ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚመጣው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ ማታ ገደማ ከቅጠሉ በታች በኩል እርጩ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ድገሙት።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ መኸር ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ቤት አስገቡና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ከቀትር በኋላ ጥላ ፈልጉለት።

ከመግረዙ የተረፉትን ቅርንጫፎች አትጣሉ። የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን መርጣችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ ላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትታችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትከሉ። የውሃ ፕላስቲክ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ ድፉበት፣ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ሥር ለማብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊወስድበት ይችላል። እየሳባችሁ አትፈትሹት፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ፕላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ አየሩን አለማምዱትና ወደ ራሱ ማሰሮ አዛውሩት።