«ኤሊፕቲሽ» ሲገጥማችሁ ተከትሎት የመጣውን ስም እዩ

ይህን የጀርመንኛ ቅጽል ከመተርጎማችሁ በፊት የሚገልጸውን ስም እዩ። «ባን» (ምሕዋር) ከሆነ ቅርጹ ሞላላ ነው። «ዛትስ» (ዓረፍተ ነገር) ከሆነ ግን ከአውዱ የሚታወቅ ቃል ተትቷል ማለት ነው፤ «ኤንደ ጉት፣ አለስ ጉት» (መጨረሻው ካማረ ሁሉም ያማረ ነው) ላይ «ኢስት» («ነው») የሚለው ግስ እንደተተወው። «ሞላላ ዓረፍተ ነገር» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም!

ቅርጹም ግድፈቱም በጀርመንኛ «ዲ ኤሊፕሰ» ስለሚባሉ መዝገበ ቃላት ብቻውን አይለይላችሁም።

በጣም የሚያሳስተው ሒሳብ ነው። በኢንተርኔት ምስጠራ የሚያገለግለው «ኤሊፕቲሸ ኩርቨ» ጨርሶ ሞላላ አይደለም፤ ስሙ የመጣው የሞላላን ዙሪያ ለማስላት ከሚነሱት ኢንቴግራሎች (የካልኩለስ ስሌቶች) ነው። ስለዚህ በትርጉማችሁ «ኤሊፕቲክ ኩርባ» ብላችሁ ተዉት።

መዝገበ ቃላት ስትፈልጉ መድረሻውን («-ሸ»፣ «-ሸር»፣ «-ሸን») ወደ «-ሽ» መልሱት።